የዑለማኦቻችን መልክ የት ተቀመጠ?

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ከሐርቡ ተነስተን እስከ ባግዳድና ኢስታንቡል ደርሰን እንመለሳለን።

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የሚወርድ መንገደኛ ሐርቡን ያገኛል። አካባቢው ቃሉ ነው። በ1863 እ.ኤ.አ. ወደ አኼራ የሄዱት ሐጂ ቡሽራ ያስቀሩባት ገታም በዚሁ በቃሉ ትገኛለች። ወደ ደቡብ ሲዘለቅ ደግሞ የሸኽ ጀውሐር ሾንኬ አለች። የእነዚህ አባቶች መልክ ምን ይመስል ነበር? የወሎ ኪታብ ቀይና ጥቁር ቀለም እንጂ የጸሐፊውን ፊት አያሳየንም።

በሌሎች የሙስሊም አገሮች ግን ጸሐፊውን በኪታቡ ውስጥ የሳሉ ነበሩ። በ1287 እ.ኤ.አ. ባግዳድ ውስጥ የተገለበጠው የኢኽዋኑ ሶፋ ኪታብ ሲከፈት ጸሐፊዎቹ ሲጽፉና ሲወያዩ ይታያል። ይህ ኪታብ ዛሬ በኢስታንቡሉ ሱለይማንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በፋርሷ ሺራዝም በ16ኛው ክፍለ ዘመን የወልዮችና የገጣሚዎች ታሪክ ከነሥዕሉ ይዘጋጅ ነበር። በ1561 ያረፉት ጣሽኩብሪዛዴ ስለ ዑስማንያ ዑለማእ የጻፉት ታሪክ ደግሞ ወደ ቱርክኛ ተመልሶ፣ በሱልጣን ዑስማን ሁለተኛው ዘመን (1618–1622) ናክሺ የተባለ ሠዓሊ ሥዕል ጨምሮበታል።

ልብ እንበል! የባግዳዱ ሠዓሊ የሳላቸውን ሰዎች በዓይኑ አላያቸውም፤ በመካከላቸው ሦስት መቶ ዓመት ያህል አለ። ጥምጣሙና ኪታቡ የሚናገሩት ስለ ፊታቸው ሳይሆን ስለ ዒልማቸው ነው።

የእኛ አገር ሰዎች ይህንኑ በቃል ሠርተውታል። የሸኹ ሥራና ጠባይ በመናቂብ ተጻፈ፣ በመንዙማ ተዜመ። ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የገጠሙት እስከ ዛሬ ስማቸውን ያስጠራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድም በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን የወሎ እስልምና ታሪክ የጻፉት እንዲህ ያለውን ጽሑፍና የሽማግሌዎችን አንደበት ሰብስበው ነው።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች፣ በየቤታችን ከአያት የወረስነው ኪታብ ካለ የመጨረሻውን ቅጠል እንመልከት። የጻፈው ሰው ስምና የተፈጸመበት ዓመት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ያ ቅጠል ሲቀደድ፣ ሥዕል ለሌለው ዓሊማችን መልኩ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ኪታቡን ከእርጥበትና ከምስጥ እንጠብቅ፤ የሚያውቁ ሽማግሌዎችንም ስለ ባለቤቱ ጠይቀን ለልጆቻችን በጽሑፍ እናቆይ።

አላህ ለዑለማኦቻችን ይዘንላቸው። ወሰላሙ ዓለይኩም።