በአደንዛዥ ዕፅ ተጽዕኖ ሥር አሽከርክሯል ተብሎ የተከሰሰ ሰው፦ ከአዋሽ እስከ ገላፊ ባለው መንገድ ሕጉ ምን ይላል?

ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ከዚህ ውስጥ በተሽከርካሪ የሚጓጓዘው ጭነት በብዛት የሚመላለሰው ከአዋሽ ተነሥቶ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያንና ሰመራን አቋርጦ ገላፊ በሚደርሰው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ተሳቢና ቦቴ ሌሊትና ቀን በሚተምበት በዚህ መንገድ ግመልና ፍየል የሚነዳ አርብቶ አደር፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ አይሱዙ፣ ከሎጊያ ሰመራ የሚመላለስ ባጃጅም ይጓዛሉ። ሙቀቱን ለመሸሽ ሌሊቱን የሚመርጠው ሹፌር እንቅልፉን በጫት ይገፋል፤ ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ የሚጨምርም አለ። ካናቢስ ወይም በተለምዶ ጋንጃ የሚባለው ዕፅ ሲታከልበት ግን ጉዳዩ ከትራፊክ ቅጣት አልፎ ወደ ከባድ የወንጀል ክስ ሊሻገር ይችላል።

በዚህ ዓይነት ክስ ላይ በብዛት የሚስተዋለው ስሕተት ሁለት የተለያዩ ጥፋቶችን አንድ አድርጎ ማየት ነው። አንደኛው በዕፅ ተጽዕኖ ሥር ሆኖ ማሽከርከር ሲሆን፣ ሁለተኛው ዕፁን መያዝ፣ ማዘዋወር ወይም መጠቀም ነው። የመጀመሪያውን የሚመለከተው በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 እና ተከታይ ማሻሻያዎቹ ናቸው። ሁለተኛውን የሚገዛው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ነው። ያለ ፈቃድ ዕፅ ማምረት፣ መያዝና ማዘዋወር በዚህ አንቀጽ ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና የገንዘብ መቀጮ ያስከትላል። ሰው በመንገድ ዳር ተይዞ «ትንሽ አጭሼ ነበር» ሲል የትራፊክ ጥፋቱን ያቀለለ ይመስለዋል፤ በዚያች ቃል ግን ሁለተኛውን ክስ በገዛ አንደበቱ ሊጀምረው ይችላል።

ጫት በኢትዮጵያ የሚመረትና የሚሸጥ ሕጋዊ ሰብል ነው። ይህ ማለት ግን መሪ የጨበጠ ሰው በጫት ተጽዕኖ ሥር ሆኖ ያሻውን ያደርጋል ማለት አይደለም፤ አደጋ ቢደርስ የአሽከርካሪው ሁኔታ መመርመሩ አይቀርም። በጫቱ ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ለጊዜው ያነቃል፤ ኃይሉ ሲያልቅ የተገፋው እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ካናቢስ ደግሞ በተቃራኒው ምላሽ የመስጠት ፍጥነትን ያዘገያል፣ ርቀትንና ጊዜን የመገመት ችሎታን ያዛባል፣ ተሽከርካሪውን በመሥመሩ ይዞ መጓዝን ያስቸግራል። አርባ ቶን የሚጎትት ሰው ፍሬን ለመያዝ አንድ ሰከንድ ሲዘገይ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ፣ ተጨማሪ 22 ሜትር ሄዷል።

ማስረጃው ምንድን ነው?

ለአልኮል በደንብ ቁጥር 208/2003 የተቀመጠ ልክ አለ፤ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ግራም። የትንፋሽ መለኪያም አለ። ለካናቢስ ግን እንዲህ ያለ ቀላል መለኪያ የለም። ዕፁን የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ከተጨሰ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ከደም ውስጥ በፍጥነት ይቀንሳል። ሰውነት ከሰባበረው በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ግን በሽንት ውስጥ ለቀናት፣ አዘውትሮ በሚያጨስ ሰው ደግሞ ለሳምንታት ይገኛል። ስለዚህ የሽንት ምርመራ «አዎንታዊ» መሆኑ ሰውየው በቅርብ ጊዜ ዕፁን መጠቀሙን ያሳያል እንጂ፣ መኪናውን ሲያሽከረክር ሰክሮ እንደነበር ብቻውን አያረጋግጥም። ይህ ልዩነት በክርክር ጊዜ ትልቅ ክብደት ያለው ነው፤ ተከሳሹም ጠበቃውም ሊያውቁት ይገባል። ሌሎች አገሮችም በዚሁ ጉዳይ ተቸግረዋል። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2004 በመንገድ ዳር ምራቅ መመርመር ጀመረች፤ ብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ ሊትር ደም 2 ማይክሮግራም የሚል ወሰን አበጀች።

በእኛ አገር መርማሪ ፖሊስ ምርመራ ያስፈልጋል ብሎ ሲያምን የሚመራበት ሕግ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አንቀጽ 34 ፖሊሱ ራሱ ናሙና እንዲወስድ አይልም፤ የተመዘገበ ሐኪም ተጠርጣሪውን እንዲመረምርና ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍር ያዛል። የደም ምርመራም በዚሁ ውስጥ ይካተታል። በመሆኑም ናሙናው መቼ ተወሰደ፣ ማን ወሰደው፣ በደም ነው ወይስ በሽንት፣ በመያዣውና በናሙናው መካከል ስንት ሰዓት አለፈ የሚሉት ጥያቄዎች የመከላከያው ዋና መነሻ ናቸው። በበረሃ መሐል የተያዘ ሰው ጤና ተቋም እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ረጅም መሆኑም አይዘነጋ።

ከላቦራቶሪ ውጤት ሌላ የትራፊክ ፖሊሱ ምልከታ፣ የአደጋው ንድፍ፣ የምስክሮች ቃልና ከጋቢና የተገኘ ዕቃ በማስረጃነት ይቀርባሉ። በዚህ ላይ የረዳቱ ወይም ከአዋሽ ጀምሮ በመንገድ የተሳፈረ ሰው ሻንጣ ጉዳይ ይነሣል። የረጅም መንገድ ሹፌሮች ሰው ጭነው ይሄዳሉ፤ ዕፁ በተሳፋሪው ሻንጣ ቢገኝም የመጀመሪያው ተጠያቂ ሹፌሩ ይሆናል። ሹፌሩ ዕፁ መኖሩን አያውቅም ነበር የሚለው ክርክር በሕግ ቦታ አለው፤ የማን ሻንጣ እንደሆነ፣ ሰውየው የት እንደተሳፈረና ምስክር መኖሩን ወዲያውኑ ማስመዝገብ ግን ከሁሉ ይቀድማል። ተሳፋሪው አንዴ ከወረደ ይህን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ከተያዙ በኋላ ያሉት ሰዓታት

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል እንዲገለጽለት ያዝዛል። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ይህ ጊዜ ግን ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚጠየቀውን የጉዞ ጊዜ አይጨምርም፤ ይህ ድንጋጌ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ብዙም ትርጉም ላይኖረው ይችላል፣ ገላፊ ላይ ለተያዘ ሹፌር ግን አለው። ከተያዘበት ደቂቃ ጀምሮ ሰዓቱን ማወቅና ለቤተሰብ ወይም ለተሽከርካሪው ባለቤት ማስታወቅ ይጠቅማል።

ቃል መስጠትን በተመለከተ ስምን፣ መንጃ ፈቃድንና የተሽከርካሪውን ሰነድ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ስለ አጠጣጥና አጠቃቀም መልስ መስጠት ሌላ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 ተጠርጣሪው ለመመለስ እንደማይገደድ ይናገራል፤ አንቀጽ 31 ደግሞ ፖሊስ በማባበል፣ በተስፋ ወይም በማስፈራራት ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል። ያልገባውን ጽሑፍ መፈረም የለበትም። አፋርኛ፣ አማርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብቱ በአንቀጽ 20 ተደንግጓል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽም መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት በዚያው አንቀጽ ይጠይቃል።

ዋስትና ላይ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነገር አለ። በአንቀጽ 63 መሠረት ክሱ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስከትል ካልሆነ፣ እንዲሁም ጉዳት የደረሰበት ሰው የመሞት ዕድል ከሌለው፣ ዋስትና ሊፈቀድ ይችላል። ስለዚህ ተጎጂው ሆስፒታል ተኝቶ ሁኔታው ያልታወቀ ከሆነ የሹፌሩ መፈታት በሐኪሙ ወረቀት ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው። ፖሊስ ምርመራውን ለመጨረስ ጊዜ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል፤ እያንዳንዱ ቀጠሮ ግን ከ14 ቀን አይበልጥም። ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል።

ሰው ከተጎዳ

በቸልተኝነት ሰው መግደልን የሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ነው። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 3 አጥፊው በመጠጥ ወይም በዕፅ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አድርሶ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 ዓመት በሚጀምር ጽኑ እስራት እንዲከብድ ያደርጋል። «ሰክሬ ስለነበር አላወቅሁም» የሚለው ምክንያት በሹፌሮች ዘንድ አሁንም ሲነገር ይሰማል፤ በሕጉ ፊት ይህ ማቃለያ ሳይሆን ማክበጃ ነው።

በአፋር በግመል፣ በከብት ወይም በሰው ላይ አደጋ ሲደርስ ሽማግሌዎች በማዳ ሥርዓት ተቀምጠው ካሣ ይቆርጣሉ። ዕርቁ ቂምን ያበርዳል፤ ዐቃቤ ሕግ የጀመረውን የወንጀል ክስ ግን አያቆምም። ይሁንና ከንቱ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ተጎጂን የረዳ፣ ጥፋቱን ያመነ፣ ራሱን ለሕግ የሰጠ ወይም የተቻለውን ያህል ጉዳቱን የካሰ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ስለሚፈቅድ፣ የዕርቁ ውል በጽሑፍ ሆኖ ለፍርድ ቤቱ ሊቀርብ ይገባል። ተጎጂው ወገንም መብት አለው። በአንቀጽ 154 መሠረት የወንጀሉ ክርክር ሲጀመር ካሣ እንዲወሰንለት መጠየቅ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ደግሞ የተሽከርካሪውን ባለቤት፣ መኪናውን ሌላ ሰው ቢያሽከረክረውም፣ ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። አንድ አይሱዙ ገዝቶ ለሹፌር የሰጠ ገበሬ ይህን አንቀጽ ከሹፌሩ ይበልጥ ሊያውቀው ይገባል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 አስገዳጅ ነው።

ክሱ በችሎት ሲነበብ ተከሳሹ ያምን ወይም ይክድ እንደሆነ ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ክሶች አንድ ላይ ሊነበቡ ስለሚችሉ እያንዳንዱን ለይቶ መመለስ ያስፈልጋል፤ በፍጥነት አሽከርክሯል የሚለውን ማመን በዕፅ ተጽዕኖ ሥር ነበር የሚለውን ማመን አይደለም። የቀረበው ክስ ግልጽ ካልሆነ በዚሁ ደረጃ መቃወሚያ ይቀርባል። ጥፋተኛ የተባለ ሰው የይግባኝ ማስታወቂያውን ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ፣ ዝርዝር ማመልከቻውን ደግሞ የፍርዱን ግልባጭ ካገኘ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ከእስራቱና ከመቀጮው ሌላ የመንጃ ፈቃድ እገዳ ወይም ስረዛ ሊከተል ይችላል፤ የጥፋት ነጥቡና የመቀጮው መጠን በየጊዜው ስለሚሻሻል በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ከክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ መጠየቅ ይሻላል።

ከገላፊ ኬላ ማዶ ከላይ የተነገረው ሁሉ አይሠራም። በጅቡቲ ጫት ይፈቀዳል፤ ካናቢስ ግን የተከለከለ ነው። የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ወይም ዐረብኛ ሲሆን፣ የሚገዛውም የዚያ አገር ሕግ ነው። በዚያ የተያዘ ኢትዮጵያዊ ሹፌር በመጀመሪያ የሚጠይቀው አስተርጓሚና በጅቡቲ ከተማ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ እንዲነገርለት ነው፤ ረዳቱ ካልተያዘ ደግሞ የጭነቱን ሰነድና የሹፌሩን የፓስፖርት ቅጂ ይዞ ለድርጅቱ ማድረስ አለበት።