ወርቅ የተደበቀበት አምባር

ኦቶ ኩንዝሊ እ.ኤ.አ. በ1948 በስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ከተማ የተወለዱ የጌጣጌጥ ባለሙያ ናቸው። እስከ 2014 ድረስ በጀርመን፣ በሙኒክ የሥነ ጥበብ አካዳሚ በፕሮፌሰርነት አስተምረዋል። በሥራቸው ሐሳቡ ከማዕድኑ ይቀድማል።

በ1980 የሠሩት «ወርቅ ዓይን ያሳውራል» የተሰኘው አምባር ጥቁር የጎማ ቱቦ ነው። በውስጡ የወርቅ ኳስ አለ፤ ከውጭ ግን እብጠቱ ብቻ ይታያል። ወርቁን ማየት የሻተ ጎማውን መቅደድ፣ ማለትም ጌጡን ማጥፋት አለበት። ያልቀደደ ደግሞ የሠሪውን ቃል ማመን ግድ ይለዋል።

በ1985 እና በ1986 ደግሞ ሰዎች አድርገው የተዋቸውን 48 የጋብቻ ቀለበቶች አያይዘው የአንገት ሐብል ሠሩ። በሕግ ዓይን ቀለበት የገዢው ንብረት ነው፤ የታሰረበት ቃል ኪዳን ግን አብሮ አይሸጥም። ታዲያ ያንን ሐብል በአንገቱ ለማጥለቅ የሚደፍር ማን ነው?