የጠመንጃ ጥገና ቶርክ ሬንች ትክክለኛነት የሚረጋገጥበት መንገድ

ቶርክ ሬንች ብሎንና ዳዶ በተወሰነ መጠን እንዲጠብቁ የሚያስችል የልኬት መሣሪያ ነው። በጠመንጃ ጥገና ሥራ የማነጣጠሪያ መነጽርንና አፈሙዝን ለማሰር ያገለግላል። ትክክለኛነቱ በየጊዜው ካልተረጋገጠ ባለሙያው መመሪያውን አክብሮ እየሠራም ስህተት ሊፈጽም ይችላል።

የኤም-16 ጠመንጃ የአፈሙዝ ማሰሪያ ዳዶ ከ30 እስከ 80 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም ከ41 እስከ 108 ኒውተን ሜትር ገደማ ባለው ሰፊ ወሰን ውስጥ ይጠብቃል። የመነጽር ማቀፊያ ብሎኖች ግን በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ኢንች ፓውንድ፣ ማለትም ከ1.7 እስከ 2.3 ኒውተን ሜትር ብቻ ይፈልጋሉ። ጥብቀቱ ሲያንስ መነጽሩ በተኩስ ንዝረት ይንሸራተታል፤ ሲበዛ ቱቦው ይጨመቃል፣ የብሎኑም ጥርስ ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ተሻሽሎ የወጣው የአይኤስኦ 6789 ደረጃ፣ ልኩ አስቀድሞ ለሚሞላ ቶርክ ሬንች የሚፈቅደው ልዩነት፣ የመሣሪያው ከፍተኛ መጠን እስከ 10 ኒውተን ሜትር ሲሆን 6 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን 4 በመቶ ነው። ምርመራው በከፍተኛው መጠን 20፣ 60 እና 100 በመቶ ላይ ይካሄዳል። ተጠቃሚው የራሱ የቁጥጥር ሥርዓት ከሌለው በየ12 ወሩ ወይም ከ5,000 ጊዜ አገልግሎት በኋላ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ ምርመራው ይደገማል።

በጥገና ክፍል ውስጥ ቀላል ማጣሪያ ማድረግ ይቻላል። የቁልፉ ማዞሪያ ጫፍ በሞርሳ ተይዞ እጀታው አግድም ይደረጋል። ከመዞሪያው 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በእጀታው መያዣ ላይ የሚንጠለጠል 1 ኪሎ ግራም 2.45 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። የቁልፉ የራሱ ክብደትም መደመር አለበት። 200 ግራም የሚመዝንና የክብደት ማዕከሉ ከመዞሪያው 10 ሳንቲ ሜትር የራቀ ቁልፍ ወደ 0.2 ኒውተን ሜትር ይጨምራል፤ ይህም ብቻውን ከተፈቀደው የ6 በመቶ ልዩነት ይበልጣል።

ይህ ማጣሪያ የካሊብሬሽን የምስክር ወረቀትን አይተካም። የወደቀ ወይም ከአቅሙ በላይ የተጫነ ቁልፍ እስኪመረመር ድረስ ከአገልግሎት ውጭ ሊሆን ይገባል። እያንዳንዱ ጥገና ሲመዘገብ የቁልፉ መለያ ቁጥር አብሮ መስፈር ይኖርበታል። ቁልፉ ከወሰን ውጭ ሆኖ ሲገኝ ከመጨረሻው ምርመራ ወዲህ በእርሱ የተጠገኑትን ጠመንጃዎች ለይቶ እንደገና መፈተሽ የሚቻለው በዚህ መዝገብ ነው።