የዘር ሐረግ ፕሮግራም ልቀይር ወይስ ይቅር?

የቤተሰቤን የዘር ሐረግ የመዘገብኩት ፓፍ 5 በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ባለቤቱ ፋሚሊሰርች በ2013 እ.ኤ.አ. አቁሞታል። አሁንም ይከፈታል፤ ላፕቶፑ ከሞተ ግን ሰባቱ ቤት አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ወደ ግራምፕስ ልዛወር ነው። እሱም ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ካምፕ ላለ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የአባትን ስም የዘር መጠሪያ አድርጎ በግድ አይጭንብንም፤ የአባት ስም መሆኑን መምረጥ ይቻላል። ኮምፒውተር ግን ይፈልጋል፣ ስልክ ብቻ ላላችሁ ደብተር ይሻላል።

መረጃው የሚሻገረው በጄድኮም ፋይል ነው። ፋይሉን ስታወጡ ዩቲኤፍ-8ን ምረጡ፤ አንሰልን ከመረጣችሁ የአማርኛው ፊደል አይተርፍም። ፎቶዎቹን ለብቻ ቅዱ፣ በፋይሉ የሚሄደው ያሉበት ቦታ ስም ብቻ ነው። ግራምፕስም የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም፤ መስከረም 1 ቀን 2000ን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ብላችሁ አስገቡ። እኔ የእኛውን ቀን ማስታወሻው ላይ እጽፋለሁ።

የሰዎቹን ቁጥር ሳታመሳክሩ አሮጌውን እንዳታጠፉ። አገር ቤት የቀሩ ዘመዶች ስም ያለበትን ፋይል ደግሞ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁ፤ ግራምፕስ ፋይል ሲያወጣ በሕይወት ያሉትን ማስቀረት ይችላል።