ዲቃላ ስለተባሉት የአዋሽ ዝንጀሮዎች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ቦርከናም አብሯችሁ ይወርዳል። ከኩታበር በኩል ተነስቶ፣ ሁለቱንም ከተሞች አልፎ፣ መድረሻው አዋሽ ነው። የሚነሳበት ደጋ የጭላዳ አገር ነው። የሚወርድበት ቆላ ደግሞ የሃማድርያስ፣ የዚያ ወንዱ ግራጫ ጎፈር እንደ ካባ የሚደርበው ዝንጀሮ። ዛሬ የማነሳው ግን ከዚያው ከአዋሽ ወደ ላይ፣ ፏፏቴው አካባቢ ያለውን ጉዳይ ነው።

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሁለት ዝርያዎች ይገናኛሉ። ከወንዙ ላይኛው ክፍል አኑቢስ፣ ከታችኛው ሃማድርያስ። መሃል ላይ የሁለቱ ክልሶች አሉ፤ እንደ በቅሎ መካን አይደሉም፣ ይወልዳሉ። ኡሊ ናግል የተባለ ተመራማሪ አጥንቷቸው በ1973 ጻፈ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከዚያ ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ-ኮንሮይ እየያዙ፣ ደም እየወሰዱ፣ ለአሥርት ዓመታት ተከታተሏቸው።

ታዲያ ከተዳቀሉ ለምን ተቀላቅለው አንድ አልሆኑም? አንዱ ምክንያት ኑሯቸው ነው። የሃማድርያስ ወንድ ሴቶቹን ሰብስቦ ይጠብቃል፤ የራቀችበትን አንገቷን ነክሶ ይመልሳል። አኑቢስ ዘንድ ሴቷ ከእናቷ ዘመዶች አትለይም፤ ከመንጋ መንጋ የሚዞረው ወንዱ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር የአኑቢስ ሴቶችን ወስዶ ሃማድርያስ መሃል ለቀቃቸው። ብዙም ሳይቆዩ ወንዱን መከተል ለመዱ። ክልስ ወንዶች ግን ጸባያቸውም ክልስ ነው፤ ሴት መጠበቅ ይጀምራሉ፣ አይዘልቁበትም።

በ2019 የስድስቱ የዝንጀሮ ዝርያዎች ጂኖም ሲነበብ ደግሞ መዳቀሉ የአዋሽ ጉድ ብቻ እንዳልሆነ ታየ። ጥንትም ዘር ተለዋውጠዋል፤ ዛሬም ስድስት ናቸው። እኛ ለስድብ ያዋልነው «ዲቃላ» የሚለው ቃል ለእነሱ የቆየ የዘር ታሪካቸው ነው። (ይህን ወስዶ ወሎ ተጋብቶ ከመኖሩ ጋር ለማመሳሰል የሚቸኩል አይጠፋም። ይቅርባችሁ፤ ሰው ሁሉ አንድ ዝርያ ነው፣ መዳቀል የሚባል ነገር የለበትም።)

መዳቀል ሁሉ ደግ ነው ግን አልልም። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ ከቤት ውሻ ተዳቅሏል። ዝንጀሮዎቹ መንጋ ከመንጋ ነው የተገናኙት፤ ቀይ ቀበሮ ግን በዓለም ላይ ያለው ከጥቂት መቶዎች አይዘልም፣ ውሻው ስፍር ቁጥር የለውም። በዚያ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ደጋግሞ ፈጅቶታል። እኛም ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ፓርክ ውስጥ ቀይ ቀበሮ አለን። የፓርኩ ጎረቤት ውሻ ይከተብ፣ ማታ ማታም ይታሰር የምለው ለዚህ ነው።