የካቲት 12 እና በልባችን ያለችው ነነዌ



በአንድ የካቲት ወር ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር ስድስት ኪሎ፣ የሰማዕታት ሐውልት ሥር ቆመን ታሪኩን ነገርናቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስቱ እንደራሴ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ግቢ ለድሆች ምጽዋት ሲያሰጥ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ለሦስት ቀን በደም ታጠበች፤ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ነደዱ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ብሎታል። በግንቦት ደግሞ ተራው የደብረ ሊባኖስ ሆነ። ግራዚያኒ ራሱ 297 መነኮሳት መረሸናቸውን በቴሌግራም ለሮም አስታውቋል።

በቀጣዩ እሁድ አንድ ጣሊያናዊ እንግዳ በጉባኤያችን መካከል ተቀመጠ። ሰላም ልንለው ስንል እጃችን ከበደብን። ወጣቶቹም ከአጠገቡ ፈቀቅ ሲሉ አየን። ሰውዬው በዚያ ዘመን ገና አልተወለደም ነበር። ለካስ ታሪክ ያስተማርን መስሎን ቂም ዘርተን ኖሯል!

ያን ጊዜ ዮናስ ትዝ አለን። የነነዌ ጭካኔ ተረት አልነበረም፤ የአሦር ነገሥታት በምርኮኞች ላይ የፈጸሙትን ግፍ በቤተ መንግሥታቸው ግድግዳ ላይ አስቀርጸውታል። ዮናስ ስለ ነነዌ ክፋት አልተሳሳተም። የተሳሳተው እግዚአብሔር ሲራራላቸው በመቆጣቱ ነው።

ታዲያ እንርሳው? አይደለም። ግራዚያኒ ከጦርነቱ በኋላ በሀገሩ ፍርድ ቤት ቢቆምም፣ ስለ ኢትዮጵያውያን ደም ግን አልተጠየቀም። እንባችን እውነት ነው፤ የፍትሕ ጥያቄያችንም ትክክል ነው። ነገር ግን ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 እያንዳንዱ ሰው በገዛ ኃጢአቱ እንደሚጠየቅ ያስተምረናል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ሕዝቡ ለጣሊያኖች ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አሳስበዋል። ያኔ ቁስሉ ገና አልደረቀም ነበር።

በሳምንቱ ወጣቶቹን ሰብስበን አስቀድመን የራሳችንን ልብ ተናዘዝን። እንግዳውን ግን ዳግመኛ አላገኘነውም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ወገኖቼ፣ የማን ሕዝብ ስም ሲነሣ ነው ፊታችን የሚጠቁረው? የሩቁ ብቻ ሳይሆን የጎረቤታችንም ሊሆን ይችላል። የሞቱትን በእውነት እናስብ፤ በሕይወት ያለውን ሰው ግን በሌላው ዕዳ አንያዘው።

ጌታ ልባችንን ያንጻ። አሜን።