የዓረብ አገር ሥራ ስደትና የቤተሰብ ጤና

የዓረብ አገር ሥራ ስደት በአብዛኛው ወጣት ኢትዮጵያውያት ለቤት ሠራተኛነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኩዌት፣ ሊባኖስና ሌሎች የመካከለኛው ምሥራቅ አገራት የሚያደርጉት ጉዞ ነው። ወሎ፣ አርሲና ጅማ ብዙ ተጓዦች ከሚነሡባቸው አካባቢዎች ይጠቀሳሉ።

ጥቅም። በሐዋላ የሚላከው ገንዘብ ለቀለብ፣ ለሕክምናና ለልጆች ትምህርት ይውላል።

ጉዳት። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ለፓስፖርት መነጠቅ፣ ለደመወዝ መከልከልና ለጥቃት ትጋለጣለች፤ ጭንቀትና ድባቴ ይከተላሉ። አገር ቤት የቀሩ ልጆች በአያት ወይም በአክስት እጅ ያድጋሉ፤ ጉርሳቸው ቢሟላም የእናት ናፍቆት ይጎዳቸዋል።

የዝምድና መረብ። ቀድማ የሄደች እህት ወይም የሰፈር ልጅ ለአዲሷ ተጓዥ ሥራ ታፈላልጋለች፣ በችግር ጊዜ ታስጠጋለች። ደላላም ይህንኑ መተማመን ለጥቅሙ ያውለዋል። በኢሞ የስልክ መተግበሪያ የሚደረግ ጥሪ ናፍቆትን ያስታግሳል፤ ሆኖም ብዙዎች ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። አገር ቤት ላለው ቤተሰብ ደግሞ እድር፣ በወሎ አጠራር ቅሬ፣ የሐዘን ጊዜ ደጋፊ ነው።

ሕግ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ የኢትዮጵያ መንግሥት ለሥራ የሚደረገውን ጉዞ አግዶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ የ8ኛ ክፍል ትምህርትንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ነበር፤ እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። የሕግ ከለላ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ለተመላሾች የአእምሮ ጤና ሕክምናና ያጠራቀሙት ገንዘብ ስንት እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚቀበላቸው ቤተሰብ ያስፈልጋል።